የፋለን ልጅ ቀሚስ

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 16፣ 2007

ዛሬ ሴትየዋ በገዛ እግሯ ሱቃችን መጣች።

ይህን በአማርኛ የምጽፈው ልጄ ኢብሲቱ እንዳታነበው ነው። አሥር ዓመቷ ነው፤ እዚሁ ሚኒሶታ ስለተወለደች ፊደል አልቆጠረችም። ባሌ ጎንፋ ማንበብ ይችላል፣ ግን ከአደጋው ወዲህ የሰው ነገር አያጓጓውም።

ከምሳ በኋላ ነበር። እኔ የጥልፍ መኪናው ላይ ነኝ፣ ትልቋ ባልደረባዬ አደይ ኣረጋሽ ከጎኔ ጨርቅ ይቆርጣሉ። የሱቁ ባለቤት ማርጋሬት እንግዳ ልትቀበል ወጣች። እንደ ሁልጊዜው እናትና ልጅ ናቸው። እኛ ጋ የሚሰፋው የአይሪሽ ጭፈራ ቀሚስ ነው። ሴንት ፖል ውስጥ አይሪሾቹ ብዙ ናቸው፤ ሴት ልጆቻቸውን ገና የወተት ጥርሳቸው ሳይነቀል ጭፈራ ያስተምሯቸዋል፣ ያወዳድሯቸዋል። ቀሚሱ ላይ የአገራቸው ሐረግ፣ ያ ራሱን በራሱ የሚቆላልፈው ጌጥ፣ ካልተጠለፈበት ቀሚስ አይሉትም። እሱን የምጠልፈው እኔ ነኝ።

ቀና ስል ኖራ ፋለን ቆማለች።

አምና ፌብሩዋሪ ላይ ጎንፋ ሰፈራችን ሪችፊልድ ከአውቶቡስ ወርዶ ሲሻገር በመኪናዋ የገጨችው እሷ ናት። ማቋረጫው ላይ ነበር፣ መብራቱም የሱ ነበር። የግራ ዳሌውና ጉልበቱ ደቀቀ። ፍርድ ቤት ቀርባ በረዶው አንሸራትቶኝ ነው፣ አደጋ ነው አለች፤ ዳኛው ቀጥቷት ወደ ቤቷ ሸኛት። እኔ ከኋላ ተቀምጬ ነበር። ስትወጣ በአጠገቤ አልፋ አየችኝ። አንድ ቃል አልተነፈሰችም። ይቅርታ የሚለው ቃል በእንግሊዝኛ ደግሞ አጭር ነው።

ጎንፋ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር ነበር። ልጆቹ በስሙ ነበር የሚጠሩት። አሁን ከሶፋው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ይሄዳል፣ ከመስኮቱ ወደ ሶፋው ይመለሳል።

ዛሬ አላወቀችኝም። ለነሱ ሁላችንም አንድ ፊት ነን። ማርጋሬት «ይህች ፈነት ናት፣ እንደሷ ያለ እጅ በከተማው የለም» ስትላት ቦርሳዋ ከእጇ አምልጦ መሬት ወደቀ። እዚህም በረዶ አንሸራትቷት ይሆናል።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ።


ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 17

ለጎንፋ አልነገርኩትም። «ዛሬ ምን ሠራሽ?» አለኝ። «ሐረግ» አልኩት። አይኑን ከቴሌቪዥኑ አላነሳም።


ቅዳሜ፣ ጃንዋሪ 20

ልጅቷ ንድፍ ልትመርጥ ከእናቷ ጋር መጣች። ብሪጅድ ትባላለች፤ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቀጫጭን ጉልበት፣ ፊቷ ሙሉ ጠቃጠቆ። ስትቆም እንኳ እግሯ አያርፍም።

ይህን ሥራ ከማርጋሬት ነው የተማርኩት። መጀመሪያ ወረቀት ላይ ነጠብጣብ ትደረድራለች። በነጠብጣቦቹ መካከል መስመር ትስባለች። መስመሩ አንዴ በላይ አንዴ በታች እያለ ይሄዳል፣ ይታጠፋል፣ ራሱን እያቋረጠ ዞሮ ዞሮ መነሻው ላይ ይገጥማል። በላይ ማለፍ ያለበት አንዱ ቦታ ላይ በታች ካለፈ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይበላሻል። ጥንት የአይሪሽ መነኮሳት ወንጌል በብራና ሲገለብጡ ዳር ዳሩን በዚህ ይሞሉት ነበር አለችኝ። መጀመሪያ የተቀጠርኩ ሰሞን አደይ ኣረጋሽ መነጽራቸውን ገፋ አድርገው አይተው፣ «ይሄማ ሐረግ ነው። አባቴ ቄስ ነበሩ፣ በብራና መጽሐፋቸው ላይ እንዲህ ያለ ነበር» አሉ። የነሱ መነኮሳትና የኛዎቹ ሳይተዋወቁ አንድ ነገር ይስሉ ነበር ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ማርጋሬት ራሷ «ሐረግ» ትላለች፣ ረውን እያጠበቀች።

ብሪጅድ ቀላሉን ቋጠሮ አልወደደችም። ውሻውን መረጠች። አንገቱ እንደ እባብ የረዘመ፣ ጅራቱ እግሮቹን ሁሉ ጠምጥሞ ተመልሶ አፉ ውስጥ የሚገባ ውሻ። በቀሚሱ ፊት፣ በወርቅማ ገመድ፣ ሳይቀጠል።

«የሚጀምረው ከየት ነው?» አለች።

«መጀመሪያም መጨረሻም የለውም» አለች ማርጋሬት። «ለዚያ ነው የዘላለም ምልክት የሚሉት።»

ሥዕሉ ላይ ነው መጨረሻ የሌለው። መርፌ ግን ከአንድ ቦታ ይነሳል፣ አንድ ቦታ ላይም ይቆማል።

እናትየው ከልጇ ይልቅ እጄን ስታይ ቆየች።


እሑድ፣ ጃንዋሪ 28

ቄስ ዱጋሳ ስለ ይቅርታ ሰበኩ። ሲጨርሱ እጄን ይዘው «ፈነት፣ ፊትሽ ጠቁሯል» አሉኝ። ብርዱ ነው አልኳቸው።

ስንመለስ እኔ ድራይቭ እያደረግሁ ለጎንፋ ነገርኩት። ኢብሲቱ ከኋላ ጆሮዋ ላይ ሙዚቃ ሰክታለች።

«የገጨችህ ሴትዮ ልጇን ይዛ ሱቅ መጣች። ቀሚስ የምሠራላት እኔ ነኝ።»

ሁለት መብራት አለፍን።

«ተይው» አለኝ።

«ምኑን ነው የምተወው?»

«ተይው አልኩሽ እኮ።»

ይቅር ብሏታል። ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? የኔን አጥንት ቢሆን የሰበረችው ምናልባት እኔም እተው ነበር። ቤት እንደገባን መታጠቢያ ቤት ገብቶ ውሃውን ከፍቶ በጣም ቆየ። ጉልበቱን እያሞቀ ነው መሰለኝ። ምሳ አልበላም።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 6

ለልክ መጡ። ዛሬ ያመጣቻቸው ጎረቤት ናት፤ ባለፈው ደግሞ ሌላ ሰው ነበር። እሷ ሹፌር ተገኝቶላታል። የኔ ሹፌር ሶፋ ላይ ነው።

በጨርቅ የተጠቀለለ ዘቢብ ያለበት ዳቦ ይዛልኝ መጣች። ራሷ የጋገረችው ነው።

«ለቤተሰብሽ» አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ባለቤትሽ… ደህና ነው?»

ቀለበቴን አይታ ነው መቼስ። «ደህና ነው» አልኳት። ደህና ነው። ሲያስነጥሰው ዳሌውን ይዞ ይጮሃል እንጂ ደህና ነው።

ስትወጣ ዳቦውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ከተትኩት። አደይ ኣረጋሽ አዩኝ።

«ጓለይ፣ ዳቦ አይጣልም» አሉ። በትግርኛ ልጄ ሲሉኝ የሚቆጡኝ ጊዜ ነው።

«ማን እንደሆነች ቢያውቁ እርስዎም ይጥሉት ነበር» ብዬ ሁሉንም ነገርኳቸው።

መቀሳቸውን አስቀምጠው ሰሙኝ። ሲያበቃ «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» አሉ። ዳቦውን ከቅርጫቱ አውጥተው፣ ጨርቁን አራግፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።


ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 14

የአደጋው ዓመት። ሥራው አናት አናቴን ይለኛል። ለነገ የሚደርስ ቀሚስ አለ፣ ክሩ ይበጠሳል። ጎንፋ ስልክ አያነሳም። ኢብሲቱ ከትምህርት ቤት በቀይ ወረቀት ልብ ሠርታ አመጣችለት፣ «ታንክ ዩ» አላት፣ አጥፎ ኪሱ ከተተው። ስለ ቀኑ ማንም ምንም አላለም። በር የሚያንኳኳ፣ የሚደውል ሰው አልነበረም። ሴትየዋ ልትረሳው መብት አላት፤ አጥንቱ የሷ አይደለም።


ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 17

የጥልፍ መኪናውን ዘይት ሳጠጣ ሐሳቡ መጣልኝ።

የወርቁ ገመድ ከጨርቁ ጋር የሚያያዘው በሰንሰለት ስፌት ነው፣ የጤፍ ጆንያ አፍ በሚሰፋበት ዓይነት። ጫፉ ከታሰረ ብረት ነው። ካልታሰረ ግን አንዲት ክር ስትሳብ የጆንያው አፍ ትርርር ብሎ ይፈታል። ነቀምቴ ልጆች ሳለን ያንን ክር ለመሳብ እንጣላ ነበር።

ውሻው ደግሞ ያለ ቅጥያ ነው። አንድ ገመድ፣ አንድ ክር። ማርጋሬት ሁልጊዜ ከአፉ ጀምሪ ትለኛለች፤ ጫፉ ከለባሿ ደረት ሥር ስለሚደበቅ። ከታች ብጀምረውስ? ከጠርዙ፣ እግሯን ስታነሳ ጫማዋ ከሚደርስበት? ጫፉንም ሳላስር በሙጫ ነጥብ ብቻ ባስይዘው?

አዳራሽ ሙሉ ሰው እያየ ይፈታል። እናቷ ፊት ለፊት ተቀምጣ።

ልብሱ ብቻ ነው። ሌላ ነገር አይደለም።


ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 27

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ሥራ ሠርቼ አላውቅም።

አረንጓዴው ከፋይ ጨርቅ ላይ የውሻው አንገት ሲጠመዘዝ ሕይወት ያለው ይመስላል። በላይ፣ በታች፣ በላይ፣ በታች። አንድም ቦታ እጄ አልተሳሳተም። በፊት ስሠራ ሐሳቤ ወደ ቤት፣ ወደ ሐኪም ቀጠሮ ይበታተን ነበር፤ አሁን ቀጥ ብሎ ክሩ ላይ ነው። ሳልደክም ይመሻል። ማርጋሬት ቆማ ስታየው ቆይታ «ይህ በፍቅር የተሠራ ነው» አለችኝ። አንገቴን ደፍቼ ሳቅሁ። ለሚገባ ለሚወጣው እየጠራች ታሳያለች።

ዛሬ ገመዱ ተፈትቶ ቢንጠለጠል ምን ያህል እንደሚረዝም ለካሁት። ወለሉን ነክቶ ይተርፋል፣ ቁርጭምጭሚት ላይ ይጠመጠማል። ለምን እንደለካሁት አላውቅም።

ልብሱ ብቻ ነው።


ቅዳሜ፣ ማርች 10

የመጨረሻው ልክ። ብሪጅድ ቀሚሱን ለብሳ ከመስታወቱ ፊት ስትቆም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ከዚያ ዘላ አቀፈችኝ። ፀጉሯ የፖም ሻምፑ ይሸታል፤ ኢብሲቱም የምትታጠበው በሱ ነው። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝ።

እናትየው ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር። ልጅቷ ልትለውጥ ስትገባ ጠጋ አለችኝ።

«ፈነት፣ አንድ ነገር ልነግርሽ…»

«ምን?»

ከአንገቷ ጀምሮ ቀልታለች። ማርጋሬት የቀሚሱን መያዣ ይዛ ገባች። ሴትየዋ ወደ በሩ ተመለሰች።

ስለ አንገትጌው ይሆናል። ትንሽ ይጠብባል።

ጫፉን ያኔ ማሰር እችል ነበር። መርፌው ደረቴ ላይ ተሰክቷል፣ ክሩም አለ። አደይ ኣረጋሽ ቀሚሱን አጥፈው ያስገቡ ነበር፤ ሲያጥፉት አየሁ፣ ሲጠቀልሉትም ረዳኋቸው።


እሑድ፣ ማርች 18

ቄስ ዱጋሳ ለጎንፋ ጸለዩ። አሜን ብዬ ጮክ አልኩ።

ልብሱ ብቻ ነው ብዬ ስንት ጊዜ እንደጻፍኩ አየሁ።


ቅዳሜ፣ ማርች 24

ለጎንፋ ኦቨርታይም አለብኝ ብዬ ወጣሁ።

ውድድሩ ቡርንስቪል ያለ ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ነበር። ሰው ሠራሽ ጥቅልል ፀጉር የደፉ ሴት ልጆች በየኮሪደሩ ሞልተዋል። ቀሚሶቻቸው ገና ከሩቅ ያበራሉ፤ ግማሹን የጠለፍኩት እኔ ነኝ። ማንም ዞር ብሎ አላየኝም። የጽዳት ሠራተኛ መስያቸው ነው። ከኋላ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቆምኩ። ኖራ ፋለን ከፊት ረድፍ ናት። ጀርባዋን ፍርድ ቤት እንዳየሁት አየሁት።

ብሪጅድ ወጣች። ውሻው ደረቷ ላይ ወጥቶ መብራቱን ሲያገኝ ከጎኔ ያለች ሴት «ኦ» ብላ ትንፋሿን ሳበች። አኮርዲዮኑ ጀመረ። ልጅቷ እጆቿን ከጎኗ ለጥፋ ዘለለች። እንደዚያ ስትጨፍር አይቻት አላውቅም ነበር። ወለሉን የምትነካው ለይሉኝታ ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የወርቅ ክር ጭላንጭል ብቻ ነበር። ቀጥሎ እግሯን ባነሳች ቁጥር ገመዱ እየረዘመ መጣ። የውሻው ጅራት ጠፋ። የኋላ እግሮቹ ጠፉ። ሰዎች ማጉረምረም ጀመሩ። ገመዱ ጫማዋ ላይ ተጠመጠመ፤ በአየር ላይ እያለች እግሯ ተያዘ፤ ወደቀች።

ድምፁን ሰማሁት። እንጨት ላይ አጥንት ሲያርፍ።

ቆሜ ነበርና መነሳት አያስፈልገኝም፣ ግን ወደ ፊት ሄጃለሁ። እጄን ዘርግቼ ከወንበሮቹ መካከል ነኝ። «ካኢ» እላለሁ በኦሮምኛ፣ ተነሺ። የሰማኝ የለም።

ተነሳች። ገመዱን ከጫማዋ አላቀቀች፣ በቡጢዋ ላይ ጠቀለለችው፣ በአንድ እግሯ እያነከሰች ሙዚቃው እስኪያልቅ ጨፈረች። ከዚያ ነው ያለቀሰችው።

ኖራ ፋለን መድረኩ ጥግ ወለል ላይ ተቀምጣ አቀፈቻት። ገመዱን በጣቶቿ ይዛ ጫፉን ስታገላብጥ አየሁ። ከዚያ ቀና ብላ አዳራሹን በዓይኗ ፈለገች፣ ረድፍ በረድፍ። ከምሰሶው ኋላ ገባሁ።

አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል ብዬ ነበር። መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ማስገባት አቅቶኝ ቆየሁ።


ሰኞ፣ ማርች 26

ማርጋሬት ቀሚሱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ከውሻው የቀረው አንገቱና አንድ ዓይኑ ነው። የልጅቷ ቁርጭምጭሚት ዞሯል፣ አልተሰበረም አለች። አልተሰበረም።

«ይህን ጫፍ ያላሰረ ማን ነው?»

አደይ ኣረጋሽ መነጽራቸውን አድርገው አጎነበሱ። ስፌቱ ከየት እንደተጀመረ በጣታቸው ተከተሉ። የሙጫዋን ነጥብ በጥፍራቸው ነኩ። ቀና ብለው አንድ ጊዜ አዩኝ።

«እኔ ነኝ» አሉ። «የመጨረሻውን የማየው እኔ ነኝ። ዓይኔ ደክሟል፤ አርጅቻለሁ።»

መቀሳቸውን ቦርሳቸው ውስጥ ከተው፣ ካፖርታቸውን ለብሰው ወጡ። ማርጋሬት አለቀሰች። እኔ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር።

ከዚያ የጥልፍ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ለሌላ ልጅ ሌላ ቀሚስ ነበር።


ሐሙስ፣ ማርች 29

አደይ ኣረጋሽ ቤት ሄድኩ። በሩን ከፈቱ፣ ግቢ ግን አላሉኝም።

«ለምን እንደዚያ አሉ?»

«ቤትሽ ሠርተሽ የምታስገቢው አንቺ ብቻ ነሽ። ለኔ ልጆቼ አሉልኝ።»

«ለማርጋሬት እነግራታለሁ።»

«ንገሪያት። ለኔ ብለሽ ግን አይሁን።» ከዚያ «ልጅቱ ስትወድቅ ነበርሽ?» አሉኝ።

«ነበርኩ።»

«እንግዲያ አይተሻል» ብለው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።


ዓርብ፣ ማርች 30

ለማርጋሬት ነገርኳት። ሆን ብዬ ነው አልኳት፤ ምክንያቱንም ነገርኳት። ፊቷ ነጭ ሆነ። «ዕቃሽን ውሰጂ» አለች። ለአደይ ኣረጋሽ እዚያው ደወለችላቸው። አልመለስም አሏት።


እሑድ፣ ኤፕሪል 1

ቤተ ክርስቲያን አልሄድኩም። ሜፕልዉድ ሄድኩ፣ ኖራ ፋለን ቤት። ይቅርታ ልጠይቅ እንዳይመስል። የሄድኩት ማን እንዳደረገባት እንድታውቅ ነው። ባለቤት የሌለው በቀል በቀል አይደለም፣ አደጋ ይባላል፤ እሷ አደጋ የሚለውን ቃል አንዴ ተጠቅማበታለች።

በሩን የከፈተችው ብሪጅድ ናት፣ ምርኩዝ ላይ ሆና። እግሯ እስከ ጉልበቷ ተጠቅልሏል።

«ቀሚሴን ልትጠግኚልኝ መጣሽ?» አለችኝ።

እናቷ ከኋላ መጥታ ወደ ላይ ላከቻት። ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀመጥን። መግቢያ አላበጀሁም።

«ጫፉን ሆን ብዬ ነው ያላሰርኩት። የጎንፋ ሚስት ነኝ።»

«አውቃለሁ» አለች።

«ምኑን?»

«ሁለቱንም። ፍርድ ቤት አይቼሻለሁ። ማርጋሬት ስምሽን ስትጠራ አወቅሁሽ። ገመዱን ያየሁት ጊዜ ደግሞ ሌላው ገባኝ።»

«አውቀሽኝ ለምን ተመላለስሽ? ሌላ ሱቅ ጠፍቶ ነው?»

«በመጣሁ ቁጥር ዛሬ እነግራታለሁ እል ነበር።» እጇን ጠረጴዛው ላይ አገጣጥማ ይዛለች። «ያኔ ጠበቃዬ ከናንተ ጋር አንድ ቃል እንዳትናገሪ ብሎኝ ነበር። ጉዳዩ ካለቀ በኋላ የሚከለክለኝ አልነበረም። ፈራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ መኪና አልነዳሁም።»

ዳቦው ትዝ አለኝ፣ ቦርሳዋ፣ ባለቤትሽ ደህና ነው ያለችው። ሁሉንም እዚህ ጽፌዋለሁ፤ በጄ ጽፌ አላነበብኩትም።

«ፖሊስ አልጠራም» አለች። «ለማርጋሬትም አልናገርም። አሁን እኩል ነን?» ለማርጋሬት ራሴ እንደነገርኳት አታውቅም።

ፊቷ ላይ ያየሁት እፎይታ ነው። ዓመት ሙሉ ቅጣቷን ስትጠብቅ ከርማ እኔ አምጥቼ ሰጠኋት። ጥርሴን ነክሼ የጠለፍኩት ሁሉ ለካ እሷን ሊያሳርፋት ነው። ተነሳሁ።

«እኩል አይደለንም። የኔ ዕዳ ያለው ከልጅሽ ጋር ነው፣ ካንቺ ጋር አይደለም። ያንቺም ከኔ ጋር አይደለም። በአገሬ ሰው ያጎደለ ሰው ጉማ፣ የበደል ካሳ፣ አለበት፤ ከብት ብቻ አይደለም፣ የተበዳዩ ደጅ ድረስ ሄዶ ይቆማል። እስኪከፈትለት ይቆማል። ጎንፋ ቤቱ ነው ያለው።»

«አውቀዋለሁ ቤቱን» አለች ቀስ ብላ። «ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ መጥቼ ከማዶ ቆሜ ተመልሻለሁ።»

ከመውጣቴ በፊት ብሪጅድን ከደረጃው ሥር ጠራኋት። ነገርኳት። እናቷ ልታቋርጠኝ ፈለገች፣ ተወችው። ልጅቷ ምርኩዟን አስተካክላ ቆመች።

«እኔ ምን አድርጌሽ ነው?» አለች።

«ምንም» አልኳት። ሌላ መልስ ስፈልግ ሪችፊልድ ደረስኩ።


ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 10

ሥራ ፍለጋ። ጎንፋ ለምን ከሱቁ እንደወጣሁ ጠየቀኝ፣ ተጣላን አልኩት። «ተይው ብዬሽ ነበር» አለ። ይህ ሰው ሌላ ቃል አያውቅም።

ኖራ ፋለን ስልክ ደወለች። ቅዳሜ እመጣለሁ አለች። እሺ አልኳት። ይቅር ባዩ ባሌ ሻይ አፍልቶ ይቀበላታል፤ እኔ ደግሞ አንገቷን ስትደፋ አያለሁ።


ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 14

ይህን የምጽፈው የአፓርታማችን ደረጃ ላይ ተቀምጬ ነው፤ ደብተሩ ኪሴ ውስጥ ነበር። ኖራ ፋለን ከጎኔ ናት። ምን እንደምጽፍ አልጠየቀችም።

አውቶቡስ ቀያይራ መጣች። ስታንኳኳ ጎንፋ መስኮቱ ጋ ነበር፤ ከመንገድ ስትመጣ አይቷታል። እኔ እስክከፍት ድረስ መሃል ቤት ደርሷል። ፊቱን እንደዚያ ሆኖ አይቼው አላውቅም።

«አስወጫት» አለኝ።

«ልትለምንህ ነው የመጣችው።»

«አስወጫት፣ ፈነት።»

«ተይው ስትለኝ ከርመህ…»

«ይቅር ያልኩ መስሎሽ ነው?» አለ። ድምፁ ተሰበረ። «ተይው ያልኩሽ ስሟ ሲነሳ ስለማልችል ነው። ስሟን ስሰማ ያንን መኪና እሰማለሁ። አንቺ ትናደጃለሽ፣ ትወጫለሽ፣ ትሠሪያለሽ። እኔ የት ልሂድበት? ከሶፋው ወዴት?»

ኢብሲቱ ከክፍሏ ወጥታ «ዳድ?» አለችው፣ ክንዱን ያዘችው። ሴትየዋ ደፉ ላይ ቆማ የተናገረውን በቋንቋው ባትሰማም ሰምታዋለች። «አይ አም ሶሪ» አለች። ይኸው፣ ቃሉ አጭር ነው። ብዙ ጊዜ አለችው። ጎንፋ በሩን ገፋው። እኔ መሃል ላይ ነበርኩ። ወደ ውስጥ መግባት እችል ነበር፣ ቤቴ ነው። ወደ ውጭ ወጣሁ። መቀርቀሪያው ከኋላዬ ተዘጋ።

«ልሂድ?» አለችኝ።

«አይኬድም» አልኳት። «ይቆማል።»

ግን ቆመን አልቀረንም፣ እግራችን ዛለ፣ ተቀመጥን። የላይኛው ፎቅ ሶማሌዋ ጎረቤታችን ዕቃዋን ይዛ ስትወጣ ሁለታችንን አየት አድርጋ «ሰላም ነው?» አለች። ሰላም ነው አልናት። እናት ልጇን ስትጠራ፣ ሊፍቱ ሲወጣ ሲወርድ እንሰማለን። እሷ አንድ ጊዜ ብሪጅድ እግሯን መሬት ማስረገጥ ጀምራለች አለችኝ። አንገቴን ነቀነቅሁ። ቀሚሱን አምጪልኝ፣ ልጅቷ ከፈቀደች እንደገና እሠራዋለሁ አልኳት። ብሪጅድ አልፈቀደችም አለች። ይገባል።

ደጃፉ ላይ ስትዋረድ አያለሁ ብዬ ነበር። እያየሁ ያለሁት በሬን ነው፣ ከውጭ በኩል።

አሁን በሩ ትንሽ ተከፈተ። ጎንፋ ዓይኑን ከኔ ላይ ሳያነሳ፣ እሷን ሳያይ፣ «አንቺ ግቢ» አለኝ።

«ሁለት ነን» አልኩት።

ዘጋው። ጆሮዬን አቅንቼ አዳመጥኩ። ከበሩ ጀርባ እርምጃው ሲርቅ አልሰማሁም።